የኔታ በሠራተኛ ሰፈር ያለቀሱት ለቅሶ

አዲስ አበባን ጎበኘሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። «አራዳ ጊዮርጊስ ስንት ማዕዘን አለው?» እለዋለሁ። ዝም ካለኝ አልጎበኘም፤ በዚያ አለፈ እንጂ። ስምንት ነው። ሁለት ጊዜ ዞሬ ቆጥሬዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ካልቆጠርኩ ያየሁ አይመስለኝም። ድሮ ከቡሬ በአንዲት አህያ በርበሬ ስጭን እንኳ፣ ከገበያ ስመለስ እግሯን እቆጥር ነበር። አራት መሆኑን አጥቼው ነው? ልማድ ነው።

ያኔ ንጉሡ ዙፋን ላይ ናቸው። እኔም ከአህያዋ ወርጄ ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ከፍቻለሁ። ትልቋ ልጄ ይታይሽ ስምንተኛ ክፍልን አለፈችና አዲስ አበባ ነርስነት እንድትማር ተቀበሏት። እኔ ከደስታ ብዛት የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ። እናቷ ግን «አባቴ ካልፈቀዱ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም» አለች። የሚስቴ አባት ማንኩሳ አጠገብ ድጓ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔ አማችዬውም ጭምር። የኔታስ ምን አሉ? «ሄጄ ልየው። ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት ከተማ ከሆነ ትሂድ። ካልሆነ ግን እዚሁ ትቅር።»

ትምህርት ቤቱ ቁርጡን እንድናሳውቅ የሰጠን እስከ ሰኞ ነው። ልጅቱ ደግሞ የምታርፍበት ዘመድ የላትም። ስለዚህ እኔና የኔታ አውቶቡስ ተሳፈርን። የዓባይን ጠመዝማዛ እየቆጠርኩ ስወርድ፣ ሠላሳ ምናምን ላይ ስደርስ፣ የኔታ ክንዴን ያዙና «ይስማው፣ ዝም በል። ራሴን የሚያዞረኝ መንገዱ ሳይሆን ቁጥርህ ነው» አሉኝ።

እኔ ያሰብኩት ቀላል ነበር። ያማረ ያማረውን ላሳያቸው፣ ይወዱታል፣ ይፈቅዳሉ። መጀመሪያ ጊዮርጊስ ወሰድኳቸው። ተሳለሙ፤ ቅኔ ማሕሌቱን ዓይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሰየው አልኩ። ቀጥሎ ስድስት ኪሎ በፍርግርግ ውስጥ ያሉትን አንበሶች አሳየኋቸው። አንዱን አንበሳ ቆመው ብዙ አዩትና «ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አራት ኪሎን በሩቁ አሳይቼ በቶሎ ወደ ፒያሳ ይዣቸው ወረድኩ።

ጉዴ የፈላው ፒያሳ ነው። በእኛ አገር መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ የለም። የኔታ በመስታወት ቤቶቹ ፊት ቀስ እያሉ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋላችሁ፣ ከብቱ ሰላም ነው፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው» ይላሉ። ቆጠርኩ። አርባ አንድ ሰው ሰላም አሉ፤ ስድስት ሰው መለሰላቸው። ከስድስቱ አንዱ ለማኝ መስለውት «እግዜር ይስጥዎ» ብሎ ነው ያለፈው።

የኔታ ቆሙ። «ይስማው፣ ሕንጻው አምሯል» አሉ። «ታዲያ ሰዎቹ ምን ሆነዋል? ይታይሽ እዚህ ብትታመም ማን ይጠይቃታል?»

ልጄ ስትቀር ታየችኝ። «በዚህ በኩል ደግሞ አሮጌ ሰፈር አለ» አልኳቸው፤ ሌላ መላ እስካገኝ ድረስ ጊዜ ለማግኘት ያህል። የድሮ ባለእጆች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ነው። ባለ ሰገነት የእንጨት ቤቶች አሉ። የአንዱን ሰገነት ምሰሶ ስቆጥር ዞር አላልኩም። ዞር ስል የኔታ ከአጠገቤ የሉም።

ፊት ለፊት አንድ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። በሩ ላይ አምስት ወንዶች ጥቁር ኮትና ጥቁር ሱሪ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ፀጥ ብለው ቆመዋል። የኔታ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወደዚያ ይሄዳሉ።

ደርሼ «የኔታ፣ ወዴት ነው?» አልኩ።

«ሐዘን ቤት አይታይህም? ጥቁር ለብሰው ቆመዋል እኮ። ዓይተን ልናልፍ ነው?»

እውነት ነው፤ እኛ ዘንድ የለቅሶ ደጅ አይታለፍም። ሟቹን አወቅከው አላወቅከው፣ ገብተህ አልቅሰህ፣ ጥቂት ተቀምጠህ ነው መንገድህን የምትቀጥል። ደግሞ የእኛ አገር ሰርግ በዳስ እንጂ በሸራ አይደለም። ጥቁር የሚለብስም ሐዘንተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ተከተልኳቸው። የኔታ በሩን እንዳለፉ ደረታቸውን መቱና «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው የድጓ መምህር ድምፅ ነው፤ ሸራውን አርገበገበው። እኔም ከኋላ «ወንድሜን!» አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ከባለ ጥቁር ኮቶቹ የአንዱ ደረት ላይ አበባ ተሰክቶ አየሁ። እንዲያ ያለ ሐዘንተኛ አይቼ አላውቅም። ወደ ውስጥ ስመለከት ሴቶቹ ከበሮ ታቅፈው አፋቸውን ከፍተው ያዩናል።

ባለ አበባው መጣ። «አባቴ፣ ማንን ነው የሚያለቅሱት?»

«የሞተውን ነዋ!»

«ማን ሞተ?»

«እናንተ ንገሩኝ እንጂ፣ እኔ እንግዳ ነኝ!»

ለካ ሰርግ ነው፤ ሙሽራው ዘግይቶ የሙሽራይቱ ወገኖች መንገድ መንገድ እያዩ ነው የቆሙት። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። አንዱ ጎረምሳ ግን ተቆጣ። «ሟርተኞች ናቸው! በሰርግ ቀን ሙሾ! አውጡልን!» ብሎ የኔታን ክንድ ሊይዝ መጣ። አለቀልን አልኩ። ዱላው ይሁን፣ ይቻላል። የሚብሰው ከዚህ ወዲያ አዲስ አበባ የሚል ቃል በየኔታ ፊት የማይነሳ መሆኑ ነው።

«ተዋቸው!» የሚል ድምፅ ከቤት መጣ። የሙሽራይቱ እናት ናቸው፤ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። የኔታ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እመቤቴ፣ ይቅር በይኝ። በእኛ አገር ጥቁር የሚለብስ ሐዘን የገባው ነው» አሏቸው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ።

«የልጄ አባት ካረፈ ዓመት አልሞላውም» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ አንዴ ባለቅስ ይወጣልኝ ነበር። ‘በሰርግ አይለቀስም’ እያሉ ከለከሉኝ። እርስዎ አለቀሱልኝ። ይቀመጡ።»

የት አስቀመጧቸው መሰላችሁ? በአባትየው ወንበር። ሙሽራው ደርሶ ሙሽራይቱ ስትሸኝ፣ ጉልበት የምትስመው አባት አልነበራትም፤ የየኔታን ጉልበት ሳመች። የኔታ በግዕዝ ጀምረው በአማርኛ ጨርሰው መረቋት። ያ የተቆጣው ጎረምሳ ራሱ ጠላ ቀዳልን፤ እኔ አራት ጠጣሁ፣ የኔታ ሁለት።

ወይዘሮ አስካለ ምን እንዳመጣን ጠየቁ። የይታይሽን ነገር አወራኋቸው። «ከዛሬ ጀምሮ የልጄ አልጋ ባዶ ነው» አሉ። «እኔም ብቻዬን ነኝ። አምጧትና ከእኔ ጋር ትሁን።» ወደ የኔታ አየሁ። የኔታ ጠላቸውን ጨልጠው ለመሄድ ተነሱ።

ከግቢው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን አላስቻለኝም። «እንግዲህ ምን ወሰኑ?» አልኩ።

«ትምጣ።»

«ምኑን ወደዱት? ጊዮርጊስን ነው? ሕንጻውን?»

«ሰርጋቸው ላይ ሙሾ ሳወርድባቸው ወንበር ሰጡኝ» አሉ። «ልጅቱም አንድ ቀን ብታጠፋ ይችሏታል።»

ሰኞ ሳይደርስ ለትምህርት ቤቱ ቁርጡን ነግረን ተመለስን። ቤት እንደገባን ባለቤቴ እኔን ትታ አባቷን ጠየቀች። ይታይሽ ከጓዳው በር ቆማ ትሰማለች።

«ማን ቤት ነው የምትቀመጠው?»

«ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ደግ ሴት ቤት» አሉ የኔታ።

«የት አወቃችኋቸው?»

«ለቅሶ ደርሰን።»

«ውይ፣ ማን ሞቶባቸው?»

የኔታ ወደ እኔ አዩ። መናገሩ ለእኔ ደረሰ። «ማንም አልሞተ» አልኩ። «ሰርግ ነበር።»

ባለቤቴ አባቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ወደ ጓዳው ዞር አለች።

«ይታይሽ፣ ልብስሽን አዘጋጂ» አለች። «አንቺስ ብቻሽን ትችያለሽ። ለብቻቸው የማይለቀቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።»