ገመዷ የማይሸጠው ላንድሮቨር

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው መኪና አይደለም የሚገዛው፤ ልጅነቱን ነው! አትቆጡ እንጂ… እኔው ራሴ ምስክር ነኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አረንጓዴ ላንድሮቨር ነበረው። ሰቆጣ ውስጥ እሷ ስታልፍ ዶሮ ሳይቀር መንገድ ይለቅ ነበር። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ሸጣት። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ኖራ በስተርጅናዋ ከተማው ዳር አያ ደርቤ ግቢ ገባች። እሳቸውም ሊሸጧት ነው ሲባል የሰማሁ ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ችግሩ፣ ባለቤቴ ዝናሽ ያጠራቀምናትን ብር ለጣሪያ ቆርቆሮ አስባታለች። ጣሪያችን በክረምት… ተዉት ብቻ! እኛ ቤት ድስት የሚደረደረው ለወጥ ሳይሆን ለጠብታ ነው።

ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ "እሺ" አለች። "እውነት የአባትህ ከሆነች፣ ዕቃዋም ኦሪጅናል ከሆነ ግዛት። አንድ ነገር ተቀይሮ ካገኘህ ግን ቆርቆሮ ይዘህ ግባ!"

ሄድኩ። በልጅነቴ እንደ ስሜ የሸመደድኩትን የሻንሲ ቁጥር በእጅጌዬ ጠርጌ አየሁት። ራሷ ናት! እንባዬ መጣ፤ በአቧራው አሳበብኩ። ከዚያ ቀና ብዬ መሪዋን ሳይ ክው አልኩ። የአይሱዙ ነው!

"አያ ደርቤ፣ የራሷ መሪ የት ሄደ?"

"ሐጂ ሰይድ ሱቅ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።"

"እዚያ ምን ይሠራል?"

"ምን ይሠራል ትለኛለህ? ሲሸጡልኝ ገመዳቸውን አስቀሩ እንጂ!"

መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ገመዱ አብሮ አይሸጥም። የቤቱ በረከት ከከብቱ ጋር እንዳይወጣ ሻጩ ገመዱን ፈትቶ ይዞት ይገባል። ታዲያ መኪና ገመድ የላትም… ስለዚህ የሸጣት ሁሉ ያገኘውን ፈቷል! ጡሩምባዋ አበርገሌ ቀርቶ ዝንጀሮ ከማሽላ ያባርራል። የፊት ወንበሯ ደሃና ወረዳ ነው ያለው፤ ሽማግሌ እየተቀመጠበት ስንት ባልና ሚስት አስታርቋል አሉ። ስፖኪዮዋን እዚሁ ዝቋላ ወረዳ ያለ አንድ ባለፍየል አስቀርቶ ሙሽራ ትኳልበታለች።

"ሐጂ መሪውን ቢለመኑ ይመልሱልኝ ይሆን?"

"በረከትዎን ስጡኝ ልትላቸው? ሱቅዎን ዝጉ ብትላቸው ይሻላል!"

ላም አለኝ በሰማይ… እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። ዕቃው ተበተነ እንጂ መች ጠፋ? ይህን ለዝናሽ እንዴት እንደማስረዳት አንድዬ ይወቅ፤ "ይሁን፣ ገዝቻለሁ!" አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው።

አያ ደርቤ ቆመው መረቁኝ። መርቀው ሲያበቁ ኮፈኑን ከፍተው መፍቻ ይዘው አጎነበሱ።

"ምነው አያ?"

"ገመዴን ልፈታ ነዋ!"

"የቱን?"

"ሌላው ሁሉ ተወስዶ አለቀ እኮ ልጄ። የቀረ ሞተሩ ነው። ለሽንኩርቴ ውኃ ይስብልኛል።"

ለመንኳቸው፤ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። "በእኔ ጊዜ ወግ አይሻርም" አሉ። ገበያው ፈረሰ። ትስቁ ይሆናል… እኔ ግን ከፋኝ። አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ። ልወጣ በሩ ጋ ደርሼ አንድ ነገር ከነከነኝ።

"ለመሆኑ አያ፣ አባቴስ ሲሸጣት ምን አስቀረ?"

አያ ደርቤ መፍቻቸውን አስቀምጠው ሳቁ። "አንተን ነዋ! እኔ ምስክር ሆኜ ቆሜ ነበር። ከኋላ ወንበር አልወርድም ብለህ ስታለቅስ ጎትተው አወጡህና፣ 'በሉ ውሰዷት፣ የእኔ ገመድ ይኸ ነው' ብለው በትከሻቸው ተሸክመውህ ገቡ።"

ቤቴ እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። ገና ከደጅ ጮኽኩ።

"ዝናሽ! ከዚያች መኪና ላይ ሳይቀየር የተገኘ ኦሪጅናል ዕቃ እኔ ብቻ ነኝ!"

ዝናሽ ከእግሬ እስከ ራሴ ገመገመችኝ።

"የፊት ጥርስህስ? ደሴ የተተከለው አይደል?"

ይህን የምጽፍላችሁ አናቴ ላይ ቆርቆሮ እየተመታ ነው።