ማንንም ያላሳሳተ ውሸት

እኛ በምንኖርባት የማሳቹሴትስ የወደብ ከተማ ሸማቹን ከአሳሳች ነጋዴ የሚጠብቅ ግሩም ሕግ አለ። ምን ያህል ግሩም እንደሆነ የተረዳነው ግን የተከበሩት ነጋዴ ሎይድ ክራምፕተን በተከሰሱ ጊዜ ነው።

ሚስተር ክራምፕተን ውሃ እንዳይገባባቸው ምድር ቤቶችን በመቀባት ይተዳደራሉ። በመኪናቸው ላይ «ምድር ቤትዎ ለዘላለም ደረቅ!» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ይህን አንብበው ካመኑት አንዷ የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ ዲሊያ ፉርታዶ ናቸው። ምድር ቤታቸውን አስቀቡና ለሰኔ ሙሽሮች የሰፏቸውን ቬሎዎች እዚያ ሰቀሉ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ቬሎዎቹን እስከ ወገባቸው ጭቃ ዋጣቸው። አንዷ ሙሽራ የተበላሸ ቀሚሷን አቅፋ ደረጃው ላይ ስታለቅስ ዲሊያ ስልክ ደወሉ።

«ሚስተር ክራምፕተን፣ ቤቴ ኩሬ ሆነ እኮ!»

«የኔ እመቤት፣ ቀለሙ ደርቋል ወይስ አልደረቀም?»

«ቀለሙማ ደርቋል።»

«ታዲያስ! ቃላችንን ጠብቀናል።»

ዲሊያ ከሰሱ። የክራምፕተን ጠበቃ ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ነጋዴ ናቸው። ነጋዴ ያለውን ሁሉ አምኖ የሚቀበል ጤነኛ ሰው በዚህ ግዛት አለ?»

ዳኛው ዲሊያን በሐዘኔታ አዩዋቸው። «ከልብዎ አምነው ነበር?»

«አዎ! ጽፈውታል እኮ!»

«መኪና ላይ?»

«በሁለቱም ጎን!»

ዳኛው ለረጅም ጊዜ ካሰላሰሉ በኋላ የሚከተለውን ወሰኑ፦ «ይህን ማስታወቂያ ማንም አስተዋይ ሰው ስለማያምነው ማንንም አላሳሳተም። ማንንም ያላሳሳተ ውሸት ደግሞ አሳሳች ሊባል አይችልም።»

ሙሽሮቹ ሌላ ሰፊ ፍለጋ ሄዱ። ዲሊያን ግን ከሁሉም በላይ ያንገበገባቸው ሞኝነታቸው በፍርድ ቤት ማኅተም መረጋገጡ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቬርና ስፑነር የምትባል ሌላ ቀቢ ከሚስተር ክራምፕተን ሱቅ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍታ «የክራምፕተን ቀለም በእንባ ይለቃል!» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። የክራምፕተን ደንበኞች እየሸሹ ሄዱ። እሳቸውም በዚያው ግሩም ሕግ፣ እዚያው ዳኛ ፊት ከሰሷት። ዲሊያ ይህን ሰምተው ከጠበቃቸው ጋር መጥተው ከኋላ ተቀመጡ።

ቬርና ጠበቃ አላቆመችም። የቀድሞውን ውሳኔ ብቻ ጮክ ብላ አነበበች። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ግሩም አጻጻፍ ነው። የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ሚስተር ክራምፕተን ብድግ አሉ። «ኧረ ክቡር ዳኛ፣ ሰው እኮ የተጻፈ ነገር ያምናል! እኔስ መኪናዬ ላይ በትልቁ የጻፍኩት ለምን ይመስልዎታል? እንደሚያምኑኝ ስለማውቅ አይደል እንዴ!»

የክራምፕተን ጠበቃ ኮታቸውን ይዞ ጎተታቸው፤ ግን ቃሉ ከአፋቸው ወጥቷል። ዲሊያ ከኋላ አንገታቸውን አሰገጉና ቃል የምትመዘግበዋን ጸሐፊ ጠየቋት።

«እህቴ፣ ይቺን ጻፍሻት?»

«አንድም ቃል አላመለጠኝም፣ እትዬ።»

በዚያች ንግግር መነሻነት፣ በጠበቃቸው ጥያቄ የዲሊያ መዝገብ እንደገና ተከፈተ። ዳኛውም፣ ተከሳሹ ሰው እንደሚያምናቸው እያወቁ መዋሸታቸውን በራሳቸው አንደበት መስክረዋልና ጥፋተኛ ናቸው ሲሉ ወሰኑ። ሚስተር ክራምፕተን ሲዋሹ ኖረው ማንም አልነካቸውም፤ የተፈረደባቸው አንድ ቀን እውነት ቢያመልጣቸው ነው።