በቅል የተሻገረ ድምፅ

ሰውን «አይወድም» ብሎ መገላገል እንዴት ይቀላል መሰላችሁ! «ልጄ ትምህርት አይወድም» ይላል፣ ጠዋት ከብት አሰማርቶት ማታ ከብት የሚያስከትተው አባት። «ምራቴ ዘመድ አትወድም» ትላለች፣ በሯን ዘግታ የምትበላ አማት። እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝና «ይኸ ጨርቅ መቀስ አይወድም» የሚል ባልንጀራም አለኝ። መቀሱን አንድ ቀን እንኳ ስሎት አያውቅም።

በቀደም ለዘንድሮው የፓርላማ ምርጫ ዝግጅት ከላይ የተላኩ አንድ ሹም፣ ቡሬ ካለው ሱቄ ሙሉ ሱፍ ሊያሰፉ መጡ። ደርባባ ሰው ናቸው፤ ወገባቸውን ለመለካት ሜትሬ ጭንቅ ውስጥ ገባ። እጃቸውን ዘርግተው ቆመው፣ «የወንበርማ ገበሬ እኮ ምርጫ አይወድም። ገና አልነቃም» አሉኝ። በጥርሴ መርፌ ነክሼ ነበርና መልሴን አቆይቼ ልካቸውን ጻፍኩ። እሳቸው ያልሰሙትን እናንተ ስሙኝ።

የተወለድኩት ከፈጣም ወንዝ ማዶ፣ በወንበርማ በኩል ነው። ገበያችንም፣ ሐኪም ቤታችንም፣ ዳኛችንም ያለው በወዲህ፣ ቡሬ ነው። በበጋ ፈጣም ልጆች እየተረጫጩ የሚሻገሩት ውኃ ነው። በክረምት ግን ስሙን አታንሡብኝ። ካለፈው ምርጫ በፊት በነበረው ክረምት የታላቅ ወንድሜን፣ የአያ ካሴን ልጅ ወሰዳት። ይታይሽ ትባል ነበር። ጨው ገዝታ ከቡሬ ስትመለስ ነው። ሬሳዋ እንኳ አልተገኘም፤ ለቅሶ የተቀመጥነው በነጠላዋ ነው።

በዓመቱ ምርጫ ሲመጣ ታዲያ ያገራችን ሰው ግራዝማች አላምረው፣ «ብትመርጡኝ ፈጣም ላይ ድልድይ አሠራለሁ» ብለው ተነሡ። ምልክታቸው ጃንጥላ ነበር። የቡሬው ባለጸጋ ፊታውራሪ ደግሞ በሰንጋ ምልክት ቀረቡ። መዝጋቢው ገና በበጋ፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ፣ በበቅሎ እኛ ድረስ መጥቶ ካርድ አድሎ ነበርና አገሬው ሁሉ ተመዝግቧል። ልብ በሉ፣ ለመዝገቡ ወንዙን መሻገር ተችሏል። ድምፅ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ግን ቡሬ ትምህርት ቤት ውስጥ ተተከለ። ቀኑስ? በሐምሌ! ገበሬ ሞፈር ለደቂቃ በማይለቅበት፣ ፈጣም ደፍርሶ ግንድ እያገላበጠ በሚወርድበት በጤፍ እርሻ ሰሞን። ይኸን ቀን የቆረጠው ሰው ጤፍ ሲበላ እንጂ ሲዘራ አይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ድልድይ የሌለው ሕዝብ ድልድይ ለማግኘት መጀመሪያ በድልድይ መሻገር ነበረበት። ላም አለኝ በሰማይ ብትሉ ያንሳል።

አገሬው ግን ዘዴ አያጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተሰብስበው መከሩና ሁሉም በአንድ ቃል «ጃንጥላ» አሉ። ወንድሜ፣ «ልጄን የበላውን ወንዝ እኔ አውቀዋለሁ፣ እኔ እሻገራለሁ» አለ። እነሱም እሱ ለሁሉም እንዲሻገር፣ ሁሉም ለእሱ እንዲያርሱለት ተስማሙ። ወንፈል ነው፤ አንዱ ላንዱ በተራ የሚሠራበት፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ካርዳቸውን ሁሉ ሰጡት። በትልቅ ቅል ከተተው፣ አፉን በሰም ደፈነው፣ ደረቱ ላይ አስሮ ጎሕ ሲቀድ ፈጣም ውስጥ ገባ።

ሱቄ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ሲመጣ አይቼዋለሁ። ጭቃ ከራሱ እስከ እግሩ ለብሷል፣ ከጉልበቱ ደም ይወርዳል። የስፌት መኪናዬን ትቼ ተከተልኩት። ከጠረጴዛው ፊት ሰሙን በጥርሱ ላጠና ካርዶቹን ዘረገፈ። አንዱም አልራሰም።

«ባለቤቶቹ የት አሉ?» አለው አስመራጩ።

«እርሻ ላይ ናቸው ጌታዬ። የኔንም እያረሱልኝ ነው።»

«ድምፅ በውክልና አይሰጥም። የራስህን ብቻ ስጥና ሂድ።»

«ምነው ጌታዬ? ለፍርድ ነገረ ፈጅ እናቆማለን። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባቱ ስለ እሱ ሆኖ ሰይጣንን ይክድለታል። ሰይጣንን በወኪል ከካድን፣ ግራዝማችን በወኪል መምረጥ እንዴት ያቅተናል?»

«ሕግ ነው!» አለ አስመራጩ ጠረጴዛውን መትቶ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቀ።

አትቸኩሉ፣ ሕጉ ክፉ ነው አላልኩም። ካርድ ሰብስቦ መምጣት ቢፈቀድ ፊታውራሪው የሙታኑን ሁሉ ይዘው ይመጡ ነበር። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ሕጉን የጻፈው እጅ ያንን ጠረጴዛ አንሥቶ ወንዙን ማሻገር ለምን አቃተው? ለመዝጋቢ በቅሎ ተገኝቶ ለድምፅ ሳጥን በቅሎ ጠፋ? ሕጉ ለሁላችንም እኩል ነው ይላሉ። እሺ፣ እኩል ነው። ፈጣም ግን በአንዱ ወገን መንገድ ላይ ብቻ ነው የሚፈሰው።

የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ነበርና በዚያው ቀን ፊታውራሪው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሰንጋ ጥለው መራጩን ሁሉ አበሉ። ምልክታቸውን አርደው ያበሉ ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም! የቡሬ ሰው እየበላ ገባ፣ እየገባ በላ። ወንድሜ አንዷን ድምፁን ጥሎ፣ የሌሎቹን ካርዶች ቅል ውስጥ መልሶ፣ ሥጋውን ዞር ብሎ ሳያይ ተመለሰ። እኔ ወንዙ ዳር ቆሜ ጭንቅላቱ ከደፈረሰው ውኃ ብቅ ጥልቅ ሲል እያየሁ እንደ ሴት አለቀስኩ። ተሻገረ፣ እግዜር ይመስገን። ፊታውራሪው ግን አሸነፉ።

በቀጣዩ በጋ ድልድይ ተሠራ። እሰይ አትበሉ፣ የት እንደ ተሠራ ጠይቁ። ከፊታውራሪው ደጅ፣ ዶሮ ጥፍሯን ሳታርስ በምትሻገረው ቦይ ላይ! ሲመረቅ ፊታውራሪው ተነሥተው፣ «መንግሥት የሚሠራው ድምፅ ለሰጠ ሕዝብ ነው» አሉ። ወንድሜ ከሕዝቡ መካከል እጁን አወጣ።

«እኔ ሰጥቻለሁ። ድርሻዬን ይስጡኝ።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪውም ሳቁና፣ «እንግዲያውስ ከተረፈው እንጨት አንድ ግንድ ውሰድ» አሉት።

እነሱ ቀልደዋል። እሱ አልቀለደም። በእኛ በኩል ረጅም ዛፍ ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚቆርጥ የለም። ከሁሉም የረዘመውን የጽድ ግንድ መርጦ፣ አገሬውን በወንፈል አስወጥቶ፣ ፈጣም በሁለት አለት መካከል በሚጠብበት አጋደሙት። ግንዱ ላይ በቢላዋ የይታይሽን ስም ቀረጸበት። ያ ግንድ እስካለፈው ዓመት ክረምት ድረስ አሻገረን፤ ማንንም ውኃ አልወሰደውም።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ፈጣም ግንዱን ይዞት ሄደ። ጠረጴዛውም እንደ ገና ቡሬ፣ ቀኑም እንደ ገና በሐምሌ ሆነ። ሹሙም ሜትሬ ፊት ቆመው «ገበሬ አይወድም» አሉኝ።

የሹሙ ሱፍ አልቋል። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ አሳምሬ የሰፋሁት ልብስ የለም፤ የኮሌታው አቀማመጥ ብቻ ይበቃል። ትናንት ወንድሜ ለሌላ ጉዳይ በዚያው ቅሉ ተሻግሮ መጥቶ ነበርና ሱፉን አጣጥፌ፣ ቅሉ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በሰም ደፍኜ ወደ ማዶ ላክሁት። ዛሬ ሹሙ ሲመጡ አጎንብሼ እጅ ነሣሁና፣ «ደርሷል ጌታዬ። ከፈጣም ማዶ፣ ወንድሜ ቤት ነው። ተሻግረው ይውሰዱ» አልኳቸው።

ካልሄዱ ግን አልፈርድባቸውም። ሱፍ አይወዱም ማለት ነው።