ሰማይ ላይ «አንተ ቅደም» መባባል

እኛ አገር በር መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አምቦ ውስጥ አንድ ሰርግ ቤት ወይም ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ብታዩ ይገባችኋል። አንዱ «ሴና ኦቦ» ይላል፣ ይግቡ ጌታዬ ማለቱ ነው፤ ሌላው «እርስዎ እያሉማ እንዴት ተደርጎ» ይላል። ያኛው ክንዱን ይዞ ይጎትታል፣ ይሄኛው እግሩን ተክሎ ይገግማል፤ ከኋላ የቆመውን ዝናብ ይመታዋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይታክታቸውና እኩል «እሺ» ብለው እኩል ሲገቡ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ። ይስቃሉ። እስካሁን በር ላይ ተጋጭቶ የሞተ ሰው አልሰማሁም።

ሰማይ ላይ ግን ሌላ ነው።

ይህን ያወቅኩት ከመጨረሻ ልጄ ከለሊሴ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ብዙ ማውራትም አይሆንልኝ፤ ዕድሜዬን ደንዲ ላይ ስንዴ ሳርስ ኖሬ ጉልበቴ ሲደክም ነው ወደ አምቦ የገባሁት። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰችና አውሮፕላን ማብረር ልማር አለች። እናቷ ጫልቱ ጸለየች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እሺ ማለት ነው ብለው ወሰዱት፤ ቤታችን ብዙ ነገር የሚወሰነው እንዲህ ነው።

ታዲያ ባለፈው፣ ትምህርቱ ሳይዘጋ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። እናቷ ደስ አላት፤ ልጅቱ ግን እህል አልበላ አላት። ስትቆይ ስትቆይ ነገረችኝ።

የሚማሩባቸው አውሮፕላኖች ትንንሽ ናቸው፤ ውስጣቸው ከባጃጅ ብዙም አይሰፋም አለችኝ። ተማሪው ሲጠና ብቻውን ይዞ ይወጣል። ብዙ ሆነው በአንድ ሜዳ ዙሪያ ስለሚዞሩ እንዳይጋጩ ሕግ አላቸው። ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ይታጠፋሉ። ለማረፍ ሁለት ከመጡ ዝቅ ብሎ የሚበረው ይቀድማል፤ ከላይ ያለው ዞሮ ይመለሳል። የት እንዳሉ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ከሁሉም በላይ ግን ዓይን ነው። አስተማሪያቸው ጠዋት ጠዋት አንገታችሁን አዙሩ ሲል ነው የሚውለው። አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ስንል እኛ ስለ ትናንት መስሎን ነበር፤ ለካ ከላይ ስለሚመጣም ነው።

ያን ቀን ለሊሴ ለማረፍ ስትወርድ አንድ አብሯት የሚማር ልጅ እንደሷው ብቻውን ሆኖ ከበላይዋ መጣ። ተራው የሷ ነበር። ልጁ ግን በዕድሜ ይበልጣታል፤ ስለዚህ በሬዲዮ «ቅደም» አለችው። እሱም ጨዋ የጨዋ ልጅ ነው፣ «የለም፣ አንቺ ቅደሚ» አላት። «ግድ የለም፣ ቅደም።» «ኧረ አይሆንም።» ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። እሷ እንቢ ካለማ ልውረድ አለች። እሱም በልቡ እንቢ ካለችማ ልውረድ አለ። የሷ አውሮፕላን ክንፉ ከራስ በላይ ስለሆነ ከበላይዋ ያለውን አያሳያትም፤ እሱም ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ያለውን አያይም። ያዳናት ፀሐይ ናት። ሣሩ ላይ የራሷን ጥላ ስታይ ሌላ ጥላ ወደሱ እየተጠጋ ነው። ወደ ቀኝ ጠምዝዛ ወጣች።

ስታርፍ አስተማሪው የተቆጣው ስለ አነዳዷ አልነበረም። እዚህ ይሉኝታ አይሠራም፣ ሕጉ ቅደሚ ካለሽ ቅደሚ፣ ካልቻልሽ ቤትሽ ግቢ አላት። ቤቷ ገባች። እስከ ሰኞ ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡታል።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤተ ዘመዱ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፣ ጫልቱ ወረዳ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ እንዳለ ጠይቃ ጨርሳለች። የጫልቱ ወንድም ኦቦ ደበላ፣ እግዚአብሔር አንዴ አውጥቶሻል፣ አትፈታተኚው ሲል ቆየ። ደግሞስ ሰማይ ምን ጎደለብን ብሎ ነው ሰው የምንልክለት፣ አለና አሳቀን። ለሊሴ አልሳቀችም። በመጨረሻ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበርና እሷኑ ጠየቅኳት።

«ማብረሩን ጠልተሽው ነው?»

«አልጠላሁትም አባ።»

«ታዲያ ተራሽ ሆኖ ሳለ ለምን ለቀቅሽለት?»

አንገቷን ደፋች። «ታላቄ ነዋ። ታላቅሽን አትቅደሚ ብላችሁ አይደል ያሳደጋችሁኝ?»

ምን ይባላል? ልጅ ስናሳድግ ሁሉ ነገር መሬት ላይ የሚያልቅ መስሎን ነው። ሰማይ ማን አስቦ? እኔ ደግሞ ደክሞኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ ልጅ እንደገና የማሳድግበት አቅም የለኝም።

«ዴሚ» አልኳት፤ ሂጂ ማለቴ ነው። «እዚያ ስትወጪ የሚያሳድጉሽ እነሱ ናቸው። የነሱን ስሚ።»

ጫልቱ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ማለዳ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ገና አልሞላም ነበርና ከሹፌሩ አጠገብ ጥሩ ቦታ ያዘች። በመስኮቱ እጄን ይዛ፣ ሁለተኛ ተራዬን አልለቅም አባ፣ አትስጋ አለችኝ። ልቤ ትንሽ አረፈ። ሞልቶ ሊነሳ ሲል ከእጃጂ ተነስተው መንገድ ላይ ያደሩ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። ከኋላ ጥግ ያለች አንዲት ወንበር ብቻ ቀርታለች። ረዳቱ ምንም አላለም። ሽማግሌውም አልጠየቁም። ለሊሴ ግን በሩን ከፍታ ወረደች፤ ክንዳቸውን ደግፋ ቦታዋ ላይ አስቀመጠቻቸውና ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ ገባች።

ሽማግሌው መረቋት። አጠገቤ የቆመች ሴት፣ የማን ልጅ ናት፣ እንዴት ያለች ጨዋ ናት አለች።

የኔ ናት አልኩ። ደስ አለኝ። ፈራሁም።