ታጋሹ ምስማር

«እሱማ እኔ ቤት መች ጠፋ!» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በጃንሆይ ጊዜ ዳንግላ ላይ ገጥሞኝ፣ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። አያ አለሙ የሚባሉ ባለወፍጮ ናቸው። ሞተራቸው በተነሣ ቁጥር ፊውዙ ይቀልጣል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና፣ «አያ፣ ታጋሽ ፊውዝ ይግዙ። ሞተር ሲነሣ ለአፍታ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ያንን ይታገሣል። ጭነቱ ካልቀነሰ ግን ራሱ ቀልጦ ሞተሩን ያድናል» አልኋቸው።

«ታጋሽማ እኔ ቤት መች ጠፋ!» አሉ።

በሳምንቱ ብመለስ ወፍጮ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ ዳጉሳ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ደጅ ወጥተው ይስላሉ። ሞተሩ ከስሏል። የጌታ ያለህ! በፊውዙ ቦታ ጣት የሚያህል ምስማር! አያ አለሙ በጉጠት ነቅለው አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት።

«እስቲ እየው! ሞተሩ ሲያልቅ እንኳ እሱ ንቅንቅ አላለም። ከዚህ የበለጠ ታጋሽ ታውቃለህ?»