እቴጌ ቁንጮ ስምንተኛውን ኤሌክትሮን እንዳስተኛች

በዘመነ ጠመኔው፣ በዚህ ስም የምንጠራቸው የኬሚስትሪ መምህራችን በክፍላችን ላይ በነገሡ በሁለተኛው ሴሚስተር፣ የኋላው መስኮት በተሰበረ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጓደኛዬ ቁንጮ በተወለደች በአሥራ ስድስት ዓመት ከአራት ወሯ፣ ይህ ነገር ሆነ። የምሬን ነው፣ ሆነ! እኔም የዴስኳ ተጋሪ፣ የላጲሷ ባለአደራ፣ የደብተሯ ገልባጭ የሆንኩ ጸሐፊተ ትእዛዝ፣ ሳቄ እያመለጠኝ ያየሁትን ምንም ሳልጨምር ጻፍኩ። እሺ፣ ትንሽ ብቻ ጨምሬ።

ማዕረጓም ይህ ነው፦ እቴጌ ቁንጮ፣ ሥዩመተ ዴስክ ዘሣልስ ረድፍ፣ መዋዒተ እንቅልፍ ዘሰኞ ጠዋት፣ ጸጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ በእርሳስ የምትወጋ፣ እርሳሱንም እዚያው ረስታ ግማሽ ቀን የምትፈልግ።

የጦርነቱ መነሻ ደግሞ እንዲህ ነበር። ጠመኔው አንድ ሕግ አላቸው፤ ፈተና ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው የወደቀበትን ጥያቄ ራሱን ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ይሠራል፣ እዚያም ከወደቀ ደብተሩን ሰብስቦ፣ ግቢውን ተሻግሮ፣ ክፍል «መ» ይገባል፣ ከዚያም ተመልሶ አይመጣም። ቁንጮም መጀመሪያ ከሃያው አራት፣ ቀጥሎ ከሃያው ሦስት አምጥታ ነበርና ለሰኞ ተቀጠረች። ጥያቄውም፦ የኦክስጅን ስምንተኛ ኤሌክትሮን አራቱ ኳንተም ነምበሮች ምንና ምን ናቸው? በቃ እኮ! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን፣ አንድ ማስመሪያ ለሁለት ሰብረን የተካፈልን ሰዎች፣ በአንዲት ሚጢጢ ኤሌክትሮን ልንለያይ! እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፤ ይህም በታሪክ ይመዝገብ።

የጠላትም ሠራዊት አራት ነበር። ቁጥሮቹ የኤሌክትሮን አድራሻ ማለት ናቸው፤ የመጀመሪያው ስንተኛው እርከን ላይ እንዳለች፣ ሁለተኛው ኦርቢታል የሚሉት ማደሪያዋ የምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሦስተኛው ከዚያ ዓይነት ኦርቢታሎች የትኛው ውስጥ እንደገባች ይናገራሉ፤ አራተኛውና ክፉው ስፒን ይባላል፣ ወይ ፕላስ ግማሽ ነው ወይ ማይነስ ግማሽ፣ ሌላ አያውቅም። አንድ ኦርቢታል ከሁለት ኤሌክትሮን በላይ አይችልም፤ የገቡትም ሁለቱ በሦስቱ ቁጥር ቢመሳሰሉ እንኳ በስፒን መለያየት አለባቸው። ቁንጮ ሦስቱን እንደ ውኃ ትጠጣቸዋለች፤ ስፒን ጋ ስትደርስ ግን ለሁሉም ፕላስ ታድላለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ዴስኩን ደብድባ ያወጀችው አዋጅ ይህ ነው፦ «ምን ባጠፋ ነው ማይነስ የሚሰጠው? አብረው ገቡ፣ አብረው ተቀመጡ፣ ከዚያ አንዱ ፕላስ አንዱ ማይነስ! በቤታችን የሚዳላው አይበቃም? እኔ አላዳላም!» ከሦስት እህትማማቾች መሃለኛዋ ናትና፣ ማዳላት የሚሉት ነገር አጥንቷ ድረስ ይሰማታል።

አርብ ዕለት በእረፍት ሰዓት የመጀመሪያው ዘመቻ ተከፈተ። ስፒን ማለት መሽከርከር ነው ብለን፣ እሷ በቀኝ እኔ በግራ፣ ሜዳው መሃል ዞርን፣ ዞርን፣ እቴጌይቱ አበባ መደቡ ውስጥ እስክትዘረጋ ድረስ ዞርን። የግቢው ዘበኛም ከወንበራቸው ሳይነሡ፦ «እናንተ! አሁን ደግሞ ምን ነካችሁ? አበባዬን ያጠፋ ሰው ራሱ ይተክላል!» ብለው አወጁ። ሦስት ችግኝ ተከልን። ስለ ስፒን ግን ምንም አልገባንም፣ ኡፍ!

ቅዳሜም ነጋ። ቁንጮ ቤት ልናጠና ተገናኘን። እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ ቤቱን ልንገርህ፣ ቤቱ ራሱ ነው ጉዱ! ታች ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፤ እዚያ አያቶቿ ይተኛሉ፣ ሴት አያቷ ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ወንድ አያቷ ወደ መስኮቱ ማድረግ ስለሚወዱ፣ አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ። ላይ ቤት ሁለት ክፍል፤ በትንሹ አንድ አልጋ አለ፣ የእናትና የአባቷ፣ አባቷ አውቶብስ ነጂ ናቸውና ሲያንኮራፉ ሞተር የሚያሞቁ ስለሚመስል ራሳቸውን ወደ ግርጌ እንዲያደርጉ ከተፈረደባቸው ቆይቷል። በትልቁ ክፍል ሦስት አልጋ፣ ለሦስቱ እህትማማቾች።

በዚያችም ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ የአክስቷ ልጅ ሻንጣ እየጎተተች ለወር ልትቀመጥ ገባች። ልብስ ሰፊዋ እናቷም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ አፋቸው መርፌ ቁልፍ እንደሞላ ከማሽናቸው ተነሥተው፣ ማን የት እንደምትተኛ በጠራራ ፀሐይ ይደለድሉ ጀመር። ታላቋ ግራውን አልጋ ያዘች፣ ታናሿ መሃለኛውን፣ እንግዳዋ ደግሞ እንግዳ ናትና ቀኙን፣ ያውም የቁንጮን! እቴጌይቱ እኔን ልትቀበል በር ላይ ቆይታ ስትመለስ ሦስቱም አልጋ ሰው ተኝቶበታል። ወይኔ ፊቷ! ሄዳም ግራው አልጋ ላይ ከታላቅ እህቷ ጎን ዘፍ አለች፣ ራሷንም በዚያች በአንዲቷ ትራስ ላይ አሳረፈች፣ ታላቋ ገፋቻት፣ እሷም መለሰች፣ ትራሱ ተተረተረ። እናቷም በሜትራቸው የአልጋውን ስፋት ለክተው፣ የሁለቱን ትከሻ ለክተው፣ መርፌ ቁልፎቹን ከአፋቸው አውጥተው አወጁ፦ «አይበቃም! አንድ አልጋ ላይ ሁለት ራስ በአንድ በኩል አይሆንም! እሷ ቀድማ ራስጌውን ይዛለች፣ አንቺ ወደ ግርጌ ዙሪ። ምን ያስነፋርቅሻል? ቅጣት መሰለሽ እንዴ? ቦታ እንዲበቃችሁ ነው እንጂ! ግርጌ ብትተኚም ልጄ ነሽ!»

ዞረች። የእህቷ ካልሲ አፍንጫዋ ሥር፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ከዚያ ተፈናጥራ ተነሣችና ቤቱ እስኪናጋ ጮኸች፦ «ማይነስ ግማሽ ነኝ! እማዬ፣ ማይነስ ግማሽ ነኝ!» እናቷም ደንግጠው፦ «ማነው እሱ? ልጄን ማነው ግማሽ ያላት?» ብለው በመስኮት ወደ መንገዱ አወጁ።

ከዚያማ ደረጃውን እየወረድን እየወጣን ቆጠርን! ታች ቤት ሁለት አያቶች፣ ላይ ቤት በትንሹ ክፍል ሁለት ወላጆች፣ አራት፤ በትልቁ ክፍል ሦስት ልጆች በየአልጋቸው፣ ሰባት፤ ባዶ አልጋ እያለ ማንም ማንም ላይ አልተደረበም፣ አልጋ ሲያልቅ ግን ስምንተኛዋ ራሷን ገልብጣ ገባች። ስምንት! ቤቱ ኦክስጅን ነው! እኔ ኮሪደሩ ላይ ተንከባለልኩ፣ ታናሽ እህቷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ዘለለች፣ ወንድ አያቷ ከታች በከዘራቸው ጣሪያውን ደበደቡ።

ሰኞም ደረሰ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስሟ ተጠራ። እቴጌይቱም ስትዘምት የተከተሏት እነዚህ ናቸው፦ በቀኟ አጭር ጠመኔ፣ በግራዋ ሥሩ የወለቀ ዳስተር፣ በአናቷ እርሳሱ፣ በኋላዋ የአርባ ሁለት ተማሪ ዓይን፣ ከሁሉም ኋላ የሸሚዜን ኮሌታ የምነክሰው እኔ። ጠመኔው ክንዳቸውን አጣምረው፦ «ስምንተኛው ኤሌክትሮን! ኦርቢታሎቹን ከግራ ጀምረሽ ሙዪ!» ብለው አወጁ። እሷም ሁለት ብላ ጻፈች፣ ላይ ቤት ነዋ፤ አንድ ብላ ጻፈች፣ ባለ ሦስት አልጋው ክፍል፣ ዜሮ ባለ አንድ አልጋው ነውና፤ ማይነስ አንድ ብላ ጻፈች፣ ግራው አልጋ፣ መሃለኛው ዜሮ፣ ቀኙ ፕላስ አንድ ነውና። ከዚያ ቆመች። እጇ አየር ላይ ቀረ። የመሃለኛ ልጅ ልቧ ከጭንቅላቷ ጋር ሲሟገት ከሦስተኛው ረድፍ ይታየኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም።

ማይነስ ግማሽ። ትልቅ አድርጋ።

ጠመኔውም ምክንያቱን በጠየቁ ጊዜ ቁንጮ ወደ ሕዝቡ ዞራ፦ «ፕላሱ ተይዟል ቲቸር! ቀድማ የገባችው ራስጌውን ይዛለች! ማይነስ ቅጣት አይደለም፣ ለሁለቱም ቦታ እንዲበቃ ነው!» ብላ አወጀች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠመኔው አገጫቸውን በጠመኔ እጃቸው እያሹ፣ ጺማቸው እየነጣ፣ ረጅሙን አዋጅ አወጁ፦ «ኤሌክትሮን አልጋ የለውም። አይተኛም። እንደ ኳስ ሲሽከረከርም ያየው የለም፤ ስፒን ሲፈጠር አብሮት ያለ የራሱ ባሕርይ ነው፣ ስሙ አያታላችሁ። ይህን ሁላችሁም ጻፉ። መልሱ ግን... ልክ ነው። ሂጂ ተቀመጪ።»

ቁንጮም ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ የት እንደምትቀመጥ ግራ ገብቷት፣ በሩን አንዴ እኔን አንዴ አየች። እሳቸውም፦ «በሩን ምን ያሳይሻል? ቦታሽ ላይ ነዋ!» አሉ።

እሰይ! ኦ ቁንጮ፣ ለማይነስ ያዘንሽ፣ ለኤሌክትሮን የተሟገትሽ፣ በካልሲ ሽታ የተመራሽ ጥበበኛ! ገድልሽን የአርባ ሁለት ሰው ደብተር አይበቃውም። ዝናሽ ከቤተ ሙከራው እስከ ዘበኛው ወንበር ይሰማ፣ ማርክሽ ይብዛ፣ ጠላትሽ ክፍል «መ» ደጁን እያየ ይቅር። እነሆ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነች፣ ክርኗን ዘርግታ ከዴስኩ ከግማሽ በላይ ይዛለች፤ ትያዝ! ሙሉውን ትያዝ!