ከአካባቢው ጋር የተስማማ ወተት

[ጅግጅጋ፣ ረፋድ ላይ። ነስራና ወልደሩፋኤል በሽርክና የከፈቱት የግመል ወተት ድርጅት ቢሮ። ነስራ ወጣት ሥራ አስኪያጅ ናት፤ አዲስ አበባ ሁለት ወር ያህል ሠልጥና ትናንት ነው የተመለሰችው። ወልደሩፋኤል በዕድሜ አባቷ ሊሆን የሚችል የድሮ ባለሱቅ ነው። አረንጓዴ የተቀባ ረጅም የብረት ሰንሰለት ታቅፎ ቆሟል። ቀለሙ ስላልደረቀ እጁም ሸሚዙም አረንጓዴ ሆኗል።]

ነስራ፦ ጋሼ፣ እኔ ሰንሰለት ይግዙ አልኩዎት?

ወልደሩፋኤል፦ አላልሽም? በስልክ «አረንጓዴ የአቅርቦት ሰንሰለት ያስፈልገናል» አላልሽም?

ነስራ፦ ብያለሁ!

ወልደሩፋኤል፦ ይኸው። አረንጓዴ ሆኖ የሚሸጥ ገበያው ላይ ባጣ ጊዜ ራሴ ቀባሁት።

ነስራ፦ የብረት ሰንሰለት አይደለም! የአቅርቦት ሰንሰለት ማለት ወተቱ ከግመሏ ጡት ወጥቶ ጠጪው አፍ እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ተያይዞ ስለሚሄድ ነው ሰንሰለት የተባለው።

ወልደሩፋኤል፦ እና መንገዱን ነው የምንቀባው?

ነስራ፦ ምንም አንቀባም!

ወልደሩፋኤል፦ [ቅር ብሎት] ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ሁለተኛውን ጣሳ ቀለም አልከፍተውም ነበር።

[ነስራ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ወተታቸውን እየገዛ በየሱፐርማርኬቱ የሚያከፋፍለው ትልቅ ኩባንያ «አየሩንና መሬቱን ሳይበክል የማይሠራ አቅራቢ ውሉ አይታደስለትም» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ውሉ ከቀረ፣ ቱሊ ጉሌድ መንገድ ዳር ወተት ይዘው የሚጠብቁት ሴቶች ወተታቸው በፀሐይ ሲኮመጥጥ እያዩ ሊውሉ ነው። ከእነሱ አንዷ የነስራ አክስት ናት።]

ነስራ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ያድምጡኝ። ሴትየዋ ስትመጣ የምናገረው እኔ ነኝ። የካርቦን አሻራችንን ልታይ ነው የምትመጣው።

ወልደሩፋኤል፦ አሻራ ከሆነ ለፋይዳ መታወቂያ ጣቶቼን በሙሉ ሰጥቻለሁ። ካርቦኑም ደረሰኙ ውስጥ አለ፤ ሰማያዊው።

ነስራ፦ የደረሰኝ ካርቦን አይደለም! ጭስ ነው፣ ጭስ! ከመኪና፣ ከጄኔሬተር የሚወጣው።

ወልደሩፋኤል፦ ጭስ ደግሞ ምን ጣት አለውና አሻራ ይኖረዋል?

ነስራ፦ [እንደ አሠልጣኟ ጣቷን እያነሳች] ይተዉት። ዋናው ቃል «ዘላቂ» የሚለው ነው። ሥራችን ዘላቂ መሆን አለበት። ለዚህ ነው መጀመሪያ የፕላስቲክ ጀሪካን የምናስወግደው።

ወልደሩፋኤል፦ እሱ ነው እኔን ያልገባኝ። ከጀሪካን የበለጠ የሚዘልቅ ምን አለ? እናቴ ቤት ያለው ቢጫ ጀሪካን እኔን ድሯል፣ ልጄን ድሯል፣ አሁንም ውኃ ይቀዳበታል።

ነስራ፦ ችግሩ እሱ አይደል! ስለማያልቅ ነው!

ወልደሩፋኤል፦ ስለማያልቅ ነው ዘላቂ ያልሆነው?

ነስራ፦ አዎ!

ወልደሩፋኤል፦ [ለራሱ] ሁለት ወር ሙሉ ይህንን ነው ያስተማሯት።

[ነስራ ልትመልስ አፏን ከፍታ ቆም አለች። ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል። ቀን ከሌት የሚያጓራው ጄኔሬተር ድምፁ የለም።]

ነስራ፦ ጄኔሬተሩ ምን ሆነ? ማቀዝቀዣው በምን እየሠራ ነው?

ወልደሩፋኤል፦ በሶላር። ከአካባቢው ጋር ተስማምቻለሁ።

ነስራ፦ ምን?

ወልደሩፋኤል፦ አንቺው አይደለሽ የደወልሽው? «ሥራችን በሙሉ ከአካባቢው ጋር የተስማማ ይሁን» አልሽ። ስልኩን ዘግቼ አሰብኩ። እውነትሽን ነው፤ እኛ ከአካባቢው ጋር መቼ ተስማምተን እናውቃለን? በዚህ ሠፈር ያልተጣላነው ማን አለ?

ነስራ፦ ጋሼ፣ አካባቢ ማለት እኮ…

ወልደሩፋኤል፦ በመዓሊሙ ጀመርኩ። «የእናንተ ጄኔሬተር ሲያጓራ ልጆቹ ቁርዓን ሲቀሩ ድምፃቸው አይሰማኝም» አለኝ። ሸጥኩትና ሶላር አስተከልኩ። አሁን መዓሊሙ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ነው እጁን የሚያነሳው።

ነስራ፦ ጄኔሬተሩን ሸጡት!

ወልደሩፋኤል፦ ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኤዶ ሳዳ ሄድኩ። የዕቃ ማለቅለቂያ ውኃችን በሯ ላይ እየተኛ ስንት ጊዜ እየጮኸች መጥታብናለች? ቦይ ቆፍሬ ወደ ጓሮዋ መለስኩላት። ፓፓያ ተክላበታለች።

ነስራ፦ ፍሳሻችንን ለጎረቤት?

ወልደሩፋኤል፦ ሳሙና የሌለበትን ነው። ጨምርልኝ እያለች ነው እንጂ!

ነስራ፦ [ፈራ ተባ እያለች] መኪናችንስ?

ወልደሩፋኤል፦ ገና ሳይነጋ ክላክሱን እየነፋ ሠፈሩን ሲቀሰቅስ አይደል የኖረው? እሱንም አቆምኩት። የቱሊ ጉሌዱ ሚኒባስ ለማንኛውም መምጣቱ አይቀርም፤ ወተቱን ጭኖ ይመጣል። ጎረቤት እንቅልፍ ጠገበ።

ነስራ፦ ወተታችን ከመንገደኛ ጋር በሚኒባስ!

ወልደሩፋኤል፦ በጀሪካን እንዳይመስልሽ። ይኼ ከአጥር ማዶ ድስት የሚቀጠቅጠው ዲሪዬ የለም? «ጎረቤት ሆናችሁ አንድ ክዳን እንኳ አሠርታችሁኝ አታውቁም» ብሎ አኩርፎን ነበር። የወተት መያዣ ቢዶኑን በሙሉ እሱን አሠራሁት፤ ክዳን ያለው፣ አሉሚኒየም። እርግጥ አንዳንዱ ጎበጥ ይላል።

[ነስራ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ሁለት ወር ሙሉ የጻፈችው ዕቅድ ነበራት፤ ተራ በተራ፣ የሚያምር። አሁን ያላት ግን ጄኔሬተር የሸጠ ሽማግሌ፣ የቆመ መኪና፣ ጎባጣ ቢዶን ነው።]

ነስራ፦ አለቀልን። ይስሙኝ ጋሼ። ቢዶኑን ይሸፍኑ። ስለ ሚኒባሱ ትንፍሽ እንዳይሉ። የሚያድነን እኔ ያዘዝኩት ጠርሙስ ብቻ ነው።

[የተቀመጠችበትን ሳጥን ከፈተች። ውስጡ ሌላ ሳጥን ነበር። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ላስቲኩም በፕላስተር የታሸገ።]

ነስራ፦ ከሸንኮራ አገዳ የተሠራ ጠርሙስ! ሲጣል አፈር ይሆናል።

ወልደሩፋኤል፦ ሸንኮራው የየት ነው?

ነስራ፦ የቻይና። ቀን እንዳያልፍብን ብዬ በአውሮፕላን አስመጣሁት።

ወልደሩፋኤል፦ [ላስቲኩን እየዳሰሰ] ይኼ ግን አፈር የሚሆን አይመስልም። ጥሩ ላስቲክ ነው፣ ይዘልቃል። ላስቀምጠው?

ነስራ፦ መቀስ ያቀብሉኝ!

[እያንዳንዱ ጠርሙስ በየራሱ ከረጢት፣ ከረጢቱ ደግሞ በነጭ ስፖንጅ ተጠቅልሎ ነበር። ነስራ በፈታች ቁጥር ክምሩ እያደገ ሄዶ ጉልበቷን አለፈ። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። የኩባንያው ተቆጣጣሪ ካፊያ ገባች፤ የመጀመሪያ እርምጃዋ ላስቲኩ ውስጥ ሰመጠ።]

ካፊያ፦ ሰላም ዋላችሁ… እዚህ ጋ ወለል አለ?

ነስራ፦ [ላስቲኩን በእግሯ እየገፋች] አለ፣ አለ! እንኳን ደህና መጡ። ወደዚህ ይለፉ፤ ወደ ግቢው ባይሄዱ ይሻላል።

ካፊያ፦ [ጆሮዋን ቀና አድርጋ] ማቀዝቀዣችሁ ይሠራል? ድምፅ አልሰማም።

ነስራ፦ ይቅርታ፣ ጄኔሬተር ነበረን! ትልቅ ነው፣ ከሩቅ ይሰማል። ለጊዜው በሶላር ነን፤ አይደገምም።

ካፊያ፦ [ግራ ገብቷት] ለምን አይደገምም?

ወልደሩፋኤል፦ ከአካባቢው ጋር ለመስማማት ብለን ነው።

ካፊያ፦ [ፊቷ በርቶ] በትክክል! እስኪ ያስጎብኙኝ።

[ነስራ ከኋላ ተከተለች። ካፊያ የኤዶ ሳዳን ፓፓያ በአጥር ላይ ተንጠራርታ አየች። ቢዶኑን ገልጣ አሸተተች። ወልደሩፋኤል ወተቱ በሚኒባስ እንደሚመጣ ሲነግራት ጥግ ላይ ወደ ቆመው መኪና ዞር አለች። ነስራ በየቦታው ይቅርታ ስትጠይቅ ካፊያ በየቦታው ፈገግ ትላለች፤ ነስራን ያስጨነቃትም ያ ፈገግታ ነበር።]

ካፊያ፦ መኪናውን ማን አስቆመው?

ነስራ፦ ሰኞ ይነሳል፣ ቃሌ ነው!

ካፊያ፦ እንዳይነሳ! ለካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አላችሁ?

ወልደሩፋኤል፦ ጥበቃ እንኳ አለን፤ አሥራት ይባላል። ቀን ይተኛል፣ ማታ በር ላይ ነው።

[ካፊያ ቀልድ መስሏት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወልደሩፋኤልም ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ነው ብሎ አብሮ ሳቀ። ሲመለሱ ካፊያ ከክምሩ ውስጥ አንድ ጠርሙስ መዝዛ አወጣች።]

ካፊያ፦ ይኼስ ከየት መጣ?

ነስራ፦ [ድምፅዋ ቀጠን ብሎ] ከቻይና… በአውሮፕላን።

ካፊያ፦ ወተቱ ከቱሊ ጉሌድ። ጠርሙሱ ከቻይና። ይኼ ጠርሙስ ከወተቱ የበለጠ አገር አይቷል እኮ!

[ነስራ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። የሥልጠናው ክፍል፣ በቀለም ያሸበረቀው ሥዕል፣ በክብ የተያያዘው ቀስት ሁሉ ፊቷ ድቅን አለ። እዚያ ሥዕል ላይ አውሮፕላን እንዳልነበረ አሁን ትዝ አላት።]

ካፊያ፦ ጠርሙሱ ይቅር። በነዚህ ቢዶኖች ላኩልን፤ አዲስ አበባ ላይ እኛው ቀድተን ባዶውን እንመልስላችኋለን። ውሉን እናድሳለን።

[ነስራ ግድግዳውን ተደገፈች። አክስቷ ታየቻት፤ መንገድ ዳር፣ ወተቷን አስረክባ ሻሿን እያስተካከለች። ደስ አላት። ግን ደስታው አጠገብ አንድ እሾህ ነበር፤ ሳትነቅለው መኖር አልቻለችም።]

ነስራ፦ ወይዘሪት ካፊያ፣ እውነቱን ልናገር። እሳቸው እኮ አካባቢ ሲባል ጎረቤት መስሏቸው ነው!

ካፊያ፦ ታዲያ ጭሱን የሚተነፍሰው ማን ነው? ፍሳሹስ በማን በር ነው የሚተኛው?

[ወልደሩፋኤል ስለምን እንደሚነጋገሩ በደንብ ባይገባውም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።]

ካፊያ፦ እንዲያውም በሚቀጥለው ወር ደገሀቡር ላይ ለሌሎች አቅራቢዎች ሥልጠና አለን። ከጉናጋዶ ሳይቀር ይመጣሉ። አሠልጣኝ ስፈልግ ነበር።

ነስራ፦ [ቀና ብላ፣ ሻሿን እያስተካከለች] በደስታ! ሥዕሎቼንም ይዤ…

ካፊያ፦ አይ፣ እርስዎን በሠልጣኝነት ይዤዎታለሁ። የሚያሠለጥኑት ጋሽ ወልደሩፋኤል ናቸው።

[ከአጥር ማዶ የዲሪዬ መዶሻ ብቻ ይሰማል። ወልደሩፋኤል ወደ ነስራ ጠጋ ብሎ አረንጓዴ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ።]

ወልደሩፋኤል፦ [በሹክሹክታ] አይጭነቅሽ ነስራዬ፤ ፊት ወንበር አስይዝልሻለሁ።